መሪ የጨበጠው ሰውዬ፦ ከአቴንስ እስከ ናፍፕሊዮ

ሰኞ፦ አቴንስ

ግሪክ የሄድኩት አንድ ቃል ተከትዬ ነው ብል ማን ያምነኛል? ጓደኞቼ ባሕር ዳር ተንጋልሎ ሊተኛ ነው ብለው ደምድመዋል። እሱም አይቀርም እንግዲህ። ዋናው ጉዳዬ ግን ኪቬርኒሲ ነው።

ኪቬርኒሲ በዛሬው ግሪክኛ መንግሥት ማለት ነው። ግብር የሚጨምረው፣ ቃል ገብቶ የሚረሳው፣ ካፌ ውስጥ የሚታማው መንግሥት። ጥንት ግን ቃሉ ከቤተ መንግሥት ጋር አይተዋወቅም ነበር። ኩቤርናን ሲሉ መርከብ መምራት ማለታቸው ነው። ኩቤርኔቴስ ደግሞ ከመርከቡ ኋላ ተቀምጦ መሪውን የሚይዘው ሰውዬ ነው። ዛሬ ኪቬርኒቲስ ብለው ያነቡታል። የባሕር ላይ ሠራተኛ ስም እንዴት ብሎ የመንግሥት ስም ሆነ? ሻንጣ ያሳሰረኝ ይሄ ነው።

ኤርፖርት የተቀበለችኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ኪፕሴሊ የሚባል ሰፈር ትኖራለች። አንዲት አሮጊት እየተንከባከበች ነው ኑሮዋን የምትገፋው። "ያያ" ትላቸዋለች፤ አያቴ እንደማለት ነው። ቡና እያፈላች ሳለ ጠየቅኳት።

"እትዬ፣ ኪቬርኒሲ ሲባል ምን ይመጣብሻል?"

"ቴሌቪዥን!" አለች ሳታስብ። "ዜናው ሲጀምር ያያ እጃቸውን ያወናጭፋሉ። ሲያልቅ ያማትባሉ። በመካከል ያለውን አትጠይቀኝ።"

ልጇ ሳቀ። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ልጅ ነው። ለሱ ቃሉ ኩበርኔቲስ ነው። ጉግል በ2014 (እዚህ የምጠራው ዘመን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ለሕዝብ የለቀቀው፣ ብዙ ፕሮግራሞችን በብዙ ሰርቨሮች ላይ እያከፋፈለ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር። ስልኩን አውጥቶ ዓርማውን አሳየኝ። ሰባት እጀታ ያለው የመርከብ መሪ ነው። አዲስ አበባ ያሉ የሶፍትዌር ልጆችም ቀኑን ሙሉ ይህን ቃል እያሉ ነው የሚውሉት።

ቃሉ ዓለምን ዞሯል። ሮማውያን ከግሪኮች ወስደው ጉበርናሬ አሉት። "ኩ" ነበረ፣ "ጉ" ሆነ። ከዚያ በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ገባ። ዜና ላይ የቴክሳስ ገቨርነር፣ የካሊፎርኒያ ገቨርነር የምንለው የዚያው መርከበኛ የልጅ ልጅ ነው። በ1834 ደግሞ ፈረንሳዊው አምፔር፣ የኤሌክትሪክ መለኪያው በስሙ የተጠራው ሰው፣ ስለ መንግሥት አስተዳደር ለሚያጠና ትምህርት "ሳይበርኔቲክ" የሚል ስም አወጣ። በ1948 አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ኖርበርት ዊነር ያንኑ ስም ራሱን እያረመ ለሚሠራ ማሽን ሳይንስ አደረገው። ዛሬ "የሳይበር ጥቃት" ስንል የመርከብ መሪውን ግማሹን ቆርጠን እየተጠቀምን ነው።

ግሪኮቹ ራሳቸው ከየት አመጡት? እዚህ ላይ ነገሩ ይጣፍጣል። ከግሪክኛ ጋር በሚዛመዱት ቋንቋዎች ውስጥ ለቃሉ ሁነኛ ዘመድ አልተገኘለትም። በጥንቱ የቆጵሮስ አነጋገር ደግሞ "ቤ" የነበረው "ሜ" ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለ መወላወል አብዛኛውን ጊዜ የውሰት ቃል ምልክት ነው። ስለዚህ ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ቃሉ ከግሪኮች በፊት በዚያ ባሕር ዳር ይኖር ከነበረ ሕዝብ የተወረሰ ነው ይላሉ። ባሕር የሚሉበት ታላሳ የሚለው ቃል ራሱ እንደዚያው ነው ይባላል። ለእኔ ያሳምነኛል። በየብስ የመጣ ሕዝብ ባሕር ሲደርስ ሥራውንም ስሙንም ከነባሩ ይማራል።

ማክሰኞ፦ ፋሊሮ

ከሲንታግማ አደባባይ ትራም ያዝኩ። ትራሙ የከተማውን ጥበት አልፎ ባሕሩ ዳር ሲደርስ ሰው ሁሉ ስልኩን ያወጣል። እኔም አወጣሁ። ትሮካዴሮ በሚባለው ፌርማታ ወረድኩ።

እዚያ ኦሊምፒያስ አለች። ትሪሬም ናት፤ የጥንት አቴናውያን የጦር መርከብ። ጥንታዊዋ ግን አይደለችም፤ ከጥንቶቹ አንድም ተርፎ አልተገኘም። ይህችኛዋ በሊቃውንት ጥናት እንደገና ተሠርታ በ1987 የግሪክ ባሕር ኃይል የተረከባት ናት። ርዝመቷ 37 ሜትር ገደማ ነው። ወርዷ 6 ሜትር አይሞላም። እዚያ ጥበት ውስጥ 170 ቀዛፊ ይገባል፤ ላይ 62፣ መካከል 54፣ ታች 54። ወታደሩና የመርከቡ ሹማምንት ሲጨመሩ 200 ሰው።

ቱሪስቱ ሁሉ ወደ ፊቷ ነው የሚሄደው። የጠላትን መርከብ የምትወጋበት የነሐስ አፍንጫዋ እዚያ ነው፤ ለፎቶ ይመቻል። እኔ ጉዳዬ ከኋላ ስለሆነ ዞሬ ሄድኩ።

የኋላ ጫፏ እንደ ጊንጥ ጅራት ወደ ላይ ተነስቶ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ከሱ ሥር ነው የኩቤርኔቴሱ ቦታ። በግራና በቀኝ ሁለት ትልልቅ መቅዘፊያዎች ከመርከቧ ጎን ተወትፈው ቁልቁል ይወርዳሉ። ለመቅዘፍ ሳይሆን ለመምራት ናቸው። ቅጠላቸው ሰፋ ያለ ነው። ከየአናታቸው አንድ አንድ አጭር የእንጨት እጀታ ወደ መሃል ይመጣል። ሰውዬው አንዱን በቀኙ፣ አንዱን በግራው ይዞ ሁለቱን በአንድ ላይ ያዞራል። ቆሜ ሳየው የገረመኝ ትንሽነቱ ነው። ያን ሁሉ ሰው የሚያዞር ነገር ሁለት ክንድ የማይሞላ እንጨት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ቀዛፊ ፊቱን ወደ መርከቧ ኋላ፣ ጀርባውን ወደ መንገዱ ሰጥቶ ነው የሚቀዝፈው። ታች ያሉት 54ቱ ከፊታቸው ካለው ሰው ጀርባ ሌላ የሚያዩት ነገር የለም። ላብና ጨለማ ብቻ። ወዴት እየሄዱ እንደሆነ አያዩም። የሚያይላቸው ከኋላ የተቀመጠው ሰው ነው። ከፊት ደግሞ አንድ ተመልካች ቆሞ ስለ ዓለቱና ስለ ነፋሱ ይጮህለታል። ይህን ስታይ ቃሉ ወደ ፖለቲካ ለምን እንደተሻገረ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

የመርከቧ ባለሥልጣን ግን እሱ አልነበረም። ከተማው ለእያንዳንዷ ትሪሬም አንድ ሀብታም ይመድብ ነበር። ሀብታሙ ለአንድ ዓመት ወጪዋን ይሸፍናል፣ አዛዥም ይባላል። ስለ ባሕር ምንም ላያውቅ ይችላል። አዛዥ ተብሎ ይቀመጣል፣ ሥራውን ግን ኩቤርኔቴሱ ይሠራዋል። ይህን ዓይነት መሥሪያ ቤት የማያውቅ አንባቢ ካለ እጁን ያውጣ።

ኩቤርኔቴስ በአንድ ጀንበር አይኮንም። አሪስቶፋነስ የተባለው የቀልድ ተውኔት ጸሐፊ በ424 ከክርስቶስ ልደት በፊት ባቀረበው ሥራው ደረጃውን ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል። መጀመሪያ መቅዘፊያ ያዝ። ከዚያ ፊት ለፊት ቆመህ ነፋሱን ተመልከት። መሪ የምትጨብጠው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ያለው ስለ መርከብ ብቻ አይመስለኝም፤ ተውኔቱ የዘመኑን የፖለቲካ ሰዎች ልክ ልካቸውን የሚነግር ነውና።

ፋሊሮ ለዚህ ቃል ተራ ቦታ አይደለችም። የአቴንስ አሮጌ ወደብ እዚህ ነበር። የጥንቱ ታሪክ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደጻፈው፣ የአፈ ታሪኩ የአቴንስ ጀግና ቴሴየስ ወደ ቀርጤስ ሲሄድ አቴናውያን ገና ባሕር አያውቁም ነበር። ስለዚህ መርከብ መሪና የፊት ተመልካች ከሳላሚስ ደሴት ተዋሰ። ናውሲቶስና ፋያክስ ይባላሉ። ሲመለስ እዚሁ ፋሊሮ መታሰቢያ ሠራላቸው፤ ኩቤርኔሲያ የሚባል በዓልም ይከበርላቸው ነበር። ለመርከብ መሪዎች በዓል! ለንጉሥና ለጦር መሪማ የማያከብር ማን አለ።

ረቡዕ፦ አጎራና ፕኒክስ

ጠዋት አጎራ ገባሁ፤ የጥንቱ ገበያና የመንግሥት ቢሮዎች ቦታ። ሙዚየሙ ውስጥ ክሌሮቴሪዮን የሚባል ድንጋይ አለ። ረድፍ ረድፍ ሆነው የተቆረጡ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉት። የዜጎች መታወቂያ ሳህን እዚያ ይሰካል፤ ከዚያ ጥቁርና ነጭ ኳስ በቱቦ ይለቀቃል። ነጭ የወጣለት ረድፍ ዳኛ ይሆናል። ዕጣ ነው ነገሩ። የአቴንስ ሹመት አብዛኛው እንዲህ በዕጣ ነበር።

ሶቅራጥስ ይህን አልወደደውም። ተከታዩ ዜኖፎን እንደጻፈው፣ መርከብ መሪን በዕጣ የሚቀጥር ሰው የለም፤ ታዲያ ከተማ የሚመሩትን በዕጣ መምረጥ ሞኝነት ነው ይል ነበር። በኋላ ከተከሰሰባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው አነጋገሩ ነው፤ ወጣቶችን ሕግ እንዲንቁ ያደርጋል ተባለ።

ተማሪው ፕላቶ ጨዋታውን ወደፊት ገፋው። ሪፐብሊክ በተባለው መጽሐፉ ስድስተኛ ክፍል አንዲት መርከብ አለች። ባለቤቱ ግዙፍና ጉልበተኛ ነው። ግን ጆሮው ትንሽ ይደነግዛል፣ ዓይኑም ደከም ያለ ነው፣ የባሕር እውቀቱም እንደዚያው። መርከበኞቹ እኔ ልምራ፣ እኔ ልምራ ብለው ይጣላሉ። አንዳቸውም ሙያውን አልተማሩም። እንዲያውም ሙያው በትምህርት የሚገኝ አይደለም ባዮች ናቸው፤ ይማሩታል ያለውን ሰው ሊቆራርጡት ይነሳሉ። ባለቤቱን በወይን ወይም በመድኃኒት ያደነዝዙትና መርከቧን ይይዛሉ። ስንቁን እየበሉ፣ እየጠጡ ይነጉዳሉ። ስለ ወቅት፣ ስለ ነፋስና ስለ ኮከብ የሚያውቀውን እውነተኛውን ኩቤርኔቴስ ደግሞ ኮከብ ቆጣሪ፣ ወሬኛ፣ ጥቅም የሌለው ብለው ይስቁበታል።

ባለቤቱ ሕዝቡ ነው። መርከበኞቹ ፖለቲከኞች ናቸው። ኮከብ ቆጣሪ የተባለው ፈላስፋው ነው። ምን ልበላችሁ፣ ያማረ ምሳሌ ነው። ስታነበው የራስህን አገር ሰዎች አንድ በአንድ በስም ትለጥፍበታለህ። ግን አንድ ነገር ሲጎረብጠኝ ቆይቷል፤ ከሰዓት በኋላ ፕኒክስ ስወጣ ገባኝ።

ፕኒክስ ከአክሮፖሊስ ፊት ለፊት ያለች ኮረብታ ናት። የአቴንስ ጉባኤ የሚሰበሰበው እዚያ ነበር። ለአንዳንድ ጉዳዮች 6,000 ሰው መገኘት ነበረበት። ከዓለቱ ተጠርቦ የወጣ የተናጋሪ መድረክ አሁንም አለ። ደረጃዎቹ ተሸርሽረዋል። መግቢያው በነጻ ነው፤ ሰውም ብዙ አልነበረም። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል የሚመጡ ጥንዶች ብቻ።

በ427 ከክርስቶስ ልደት በፊት እዚህ ቦታ ክፉ ነገር ተወሰነ። በሌስቦስ ደሴት ያለችው ሚቲሌኔ በአቴንስ ላይ ዐመፀች፤ ተሸነፈች። ጉባኤው ተቆጥቶ የከተማዋ ወንዶች በሙሉ ይገደሉ፣ ሴቶችና ሕጻናት ለባርነት ይሸጡ አለ። ትእዛዙን የያዘች ትሪሬም ወዲያው ተነሳች። በማግስቱ ሕዝቡ ጸጸት ያዘው። እንደገና ተሰብስቦ በጥቂት ድምፅ ብልጫ ውሳኔውን ሻረ። ሁለተኛ ትሪሬም ተላከች። ቀዛፊዎቿ በወይንና በዘይት የታሸ የገብስ ዱቄት እዚያው መቅዘፊያቸው ላይ እንዳሉ እየጎረሱ፣ በተራ እየተኙ ነጎዱ። የፊተኛዋ መልእክቷ ቀፋፊ ስለነበር አልቸኮለችም። ቀድማ ግን ደርሳለች። አዛዡ ትእዛዙን አንብቦ ሊፈጽም ሲል ሁለተኛዋ ደረሰች።

እንግዲህ በሁለቱም መርከቦች ላይ ኩቤርኔቴስ ነበር። ሁለቱም ሙያቸውን ያውቃሉ፣ ሁለቱም በትክክል ሌስቦስ ደርሰዋል። አንዱ ግን ለግድያ፣ አንዱ ለማዳን። ልዩነቱ የተሠራው እዚህ ኮረብታ ላይ ነው፤ ስለ ኮከብ ምንም በማያውቁ ጫማ ሰፊዎችና ገበሬዎች እጅ ማውጣት። ፕላቶ የዘለላት ነገር ይቺ ናት። መርከብ መሪ እንዴት እንደሚደረስ ያውቃል። ወዴት እንደሚኬድ የሚወስነው ግን እሱ አይደለም። የሚወስኑት ሌሎች ናቸው። ፕላቶ ሙያተኛውን ከመርከቡ አውርዶ ንጉሥ ሲያደርገው ሙያው ያልነበረውን ሥልጣን ጨምሮ ሰጠው። ነገሥታትም ቃሉን የወደዱት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። "ገዥ ነኝ" ከማለት "መሪ ይዤላችኋለሁ" ማለት ሳይሻል ይቀራል?

አርስቶትል በዚህ በኩል ይሻለኛል። ኩቤርኔቴስ ራሱም ከመርከቡ ተሳፋሪ አንዱ ነው ይላል። የሚሠራው ለተሳፈሩት ጥቅም ነው፤ መርከቧ ስትድን ግን እሱም አብሮ ይድናል። ስትሰጥምስ? ያው ነው።

አንዲት ነገር ልጨምር። በ404 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሠላሳው አምባገነኖች ሥልጣን ያዙ። ፕሉታርክ እንደሚለው፣ ባሕሩን ይመለከት የነበረውን የፕኒክስን መድረክ ወደ የብሱ አዞሩት። ዴሞክራሲን የወለደው ባሕሩ ነው ብለው ስላመኑ ነው። ገበሬ ጸጥ ይላል፣ ቀዛፊ ግን ያስቸግራል። ትሪሬሙን የሚቀዝፈው ድሃው ሕዝብ ስለነበር ያለሱ ከተማው አይንቀሳቀስም። እሱም ያውቀዋል።

ሐሙስ፦ ኤጊና

ከፒሬየስ ወደብ በጀልባ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይወስዳል። ነፋስ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት ጸሎት ስትጀምር እኔም የሐዋርያት ሥራ 27 ትዝ አለኝ። ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ ጉዞው አደገኛ ነው ብሎ ያስጠነቅቃል። መቶ አለቃው ግን ከጳውሎስ ይልቅ የመርከብ መሪውንና የመርከቡን ባለቤት አመነ። በግሪክኛው ያ መርከብ መሪ ኩቤርኔቴስ ነው። መርከቡ ማልታ ላይ ተሰበረ። ለባለሙያው ጥሩ ቀን አልነበረም። እኛ ግን በሰላም ደረስን።

ኤጊና የተገኘሁት ለአንድ ቤት ነው። በ1828 ከኦቶማን ቱርኮች ነፃ ለመውጣት እየታገለች የነበረችው ግሪክ የመንግሥቷን መቀመጫ እዚህ ደሴት ላይ አደረገች። መሪዋ ዮአኒስ ካፖዲስትሪያስ ነበር። የማዕረግ ስሙም ኪቬርኒቲስ። የሠራበትና የኖረበት ቤት ኪቬርኒዮ ይባላል። ከአሁኑ ካቴድራል አጠገብ ነው። ፎቅ ነው፣ ግን ልከኛ ፎቅ። የደሴቱ ሰዎች ትንሿ ቤተ መንግሥት ይሉታል። እኔ ፊት ለፊቱ ስቆም አንዲት ድመት ደፉ ላይ ተጋድማ ነበር፤ ማንም አላስነሳትም። አዲሱ ገንዘብ ፊኒክስም የታተመው እዚሁ ደሴት ላይ ነው።

ፒስታቺዮ ገዝቼ ተመለስኩ። ደሴቷ የምትታወቀው በሱ ነው። ውድ ነው፣ ግን ይገባዋል።

ዓርብ፦ ሱኒዮን

አውቶቡሱ የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ ወደ ሁለት ሰዓት ይሄዳል። ቱሪስት ሁሉ የሚመጣው ለባሕር አምላኩ ለፖሲዶን ቤተ መቅደስና ለጀምበር መጥለቂያ ነው። እኔ ለፍሮንቲስ።

ፍሮንቲስ ትሮይን ከወጉት ነገሥታት አንዱ የሆነው የምኒላዎስ መርከብ መሪ ነበር። በሆሜር ኦዲሲ ሦስተኛ ክፍል ከትሮይ ሲመለሱ እዚህ ሱኒዮን ላይ ይሞታል። መርከቧ እየሮጠች፣ መሪውን በእጁ እንደያዘ። አፖሎ የተባለው አምላክ በለስላሳ ፍላጻው ገደለው። ማዕበል ሲነሳ መርከብ በመምራት ከሰው ልጆች ሁሉ የሚበልጥ ነበር ይላል ሆሜር፤ እኛ የምንከተለው ቃልም እዚያው ስንኝ ውስጥ አለ። ምኒላዎስ ለመሄድ ቢቸኩልም ጉዞውን አቁሞ ቀበረው። እዚያ ውስጥ ስለ አገር መምራት ምንም የለም። ሞያ ያለው ሰው ሥራው ላይ ሞተ፣ በቃ።

ቅዳሜ፦ ኪፕሴሊ

ዝናብ። ከቤት አልወጣሁም። የአክስቴ ልጅ እንጀራ ጋግራ ጓደኞቿን ጠራች። የኔን ጉዞ ሰምተው ሳቁብኝ፤ ከዚያ ክርክር ተነሳ። አንዱ "እኛ ዘንድ ሥልጣን ከፈረስ ነው እንጂ ከመርከብ አይደለም" አለ። ልጓም ያዘ፣ እርካብ ረገጠ፣ ኮርቻው ላይ ተቀመጠ እንላለን። ሌላዋ "መሪስ?" አለችው። "የመኪናውም መሪ፣ የአገሩም መሪ አንድ ነው።" ታክሲ ነጂ የነበረ አንድ ሰው ደግሞ መሪ የጨበጠ ሁሉ መንገድ ያውቃል ማለት አይደለም ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛናም በግሪክኛ ባስቀረጸው ጽሑፍ ራሱን ባሲሌውስ፣ ንጉሥ፣ ነው ያለው። አዱሊስን የመሰለ ወደብ ይዞ የመርከብ ቃል አላስፈለገውም።

እሑድ፦ ናፍፕሊዮ

በማለዳ አውቶቡስ ወጣሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ናፍፕሊዮ ቆንጆ ከተማ ናት፤ ጠባብ መንገድ፣ ከላይዋ የፓላሚዲ ምሽግ፣ ከፊቷ ባሕር። ኪቬርኒቲሱ መንግሥቱን ከኤጊና ያዛወረው እዚህ ነው። የተገደለውም እዚሁ።

ካፖዲስትሪያስ በ1776 ኮርፉ ተወለደ። ጣሊያን አገር ሕክምና ተማረ። በሩሲያው ዛር አሌክሳንደር ዘመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከመሆን ደረሰ። በ1827 የግሪክ ጉባኤ ለሰባት ዓመት ኪቬርኒቲስ እንዲሆን መረጠው። ሲደርስ አገሪቱ ባዶ ነበረች። ካዝና የለ፣ ትምህርት ቤት የለ፣ የጦር አለቃ ሁሉ የየራሱ መንግሥት ነው። ለራሱ ደመወዝ አልቀበልም አለ። ትምህርት ቤት ከፈተ፣ ለወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ሠራ፣ የተበታተነውን ጦር ሊያደራጅ ሞከረ። ግን ያንኑ የመረጠውን ጉባኤ ሕገ መንግሥት ገና እንደመጣ አገደው። አገር እስኪረጋጋ ነው አለ። ይህች "እስኪረጋጋ" የምትባል ቃል በየትኛውም ቋንቋ አንድ ዓይነት ዕድሜ አላት።

ፕላቶ የሚወደው ዓይነት ሰው ነበር፤ የተማረ፣ እጁ ንጹሕ፣ ኮከቡን የሚያነብ። መርከበኞቹ ግን ዝም አላሉም። ምሳሌ አይደለም፤ እውነተኛ መርከበኞች ናቸው። የሃይድራ ደሴት ባለ መርከቦች ለጦርነቱ መርከባቸውን ሰጥተው ነበር። ካሣችን የታለ፣ ሕገ መንግሥቱስ የታለ አሉ። በ1831 ነሐሴ ወር አድሚራል ሚያውሊስ ፖሮስ ወደብ ላይ ሄላስ የተባለችውን ፍሪጌት አቃጠላት። የአገሪቱ ትልቋ የጦር መርከብ ነበረች። በጦርነቱ የግሪክ መርከቦች ጀግና የነበረው ሰውዬ የግሪክን መርከብ አቃጠለ። ኪቬርኒቲስ የተባለው ሐኪም በአንድ ወገን፣ መሪ ጨብጠው የኖሩት በሌላ ወገን።

ሌላው ጠብ በደቡብ ግሪክ ካለችው ከተራራማዋ ማኒ ሰዎች ጋር ነበር። የማኒን አለቃ ፔትሮቤይ ማቭሮሚሃሊስን አሰረው። በማኒ ደም ዝም አይባልም። በጥቅምት 9 ቀን 1831 ካፖዲስትሪያስ ለቅዳሴ ወደ ቅዱስ ስፒሪዶን ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ የፔትሮቤይ ወንድም ኮንስታንዲኖስና የፔትሮቤይ ልጅ ጊዮርጊዮስ በሩ ላይ ጠበቁት። እሑድ ነበር። አንዱ ተኮሰ፣ አንዱ ወጋው።

ቤተ ክርስቲያኗ ትንሽ ናት። በደረጃ በሚወጣ ጠባብ መንገድ ዳር ተሸጉጣለች፤ ካልጠየቅህ ታልፋታለህ። ከበሩ በስተቀኝ ግድግዳው ላይ መስታወት ተገጥሟል። ውስጡ የጥይት ምልክት አለ፤ አውራ ጣት የምታክል ስርጉድ ድንጋይ። መስታወቱ ላይ የጣት አሻራ ሞልቶበታል። ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሲበተን አንዲት እናት ልጇን ከፍ አድርጋ አሳየችው። ልጁ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። በጣቱ ሊነካው ሞከረ፣ መስታወቱ ከለከለው፣ አለቀሰ። ሻማ የሚሸጡትን አዛውንት በአክስቴ ልጅ ስልክ በኩል አስጠየቅኋቸው። "ኦ ኪቬርኒቲስ" አሉ፤ ስሙን እንኳ አልጠሩትም። በግሪክ ታሪክ ማዕረጉ ብቻ ሲጠራ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ዛሬ የመንግሥቱ መሪ ጠቅላይ ሚኒስትር ነው። ኪቬርኒቲስ የሚባሉት የጦር መርከብ አዛዦችና የአውሮፕላን ካፒቴኖች ናቸው። ቃሉ ወደ ጥንት ሥራው ተመልሷል ማለት ይቻላል፤ መንግሥቱ የወሰደው ኪቬርኒሲ የሚለውን ብቻ ነው።

ሁለቱ ገዳዮች አላመለጡም። ኮንስታንዲኖስን ሰዉ እዚያው ያዘውና ገደለው። ጊዮርጊዮስ ፈረንሳዮች ዘንድ ቢሸሸግም ተላልፎ ተሰጠና ተረሸነ። አገሪቱ እርስ በርስ ተበላች። ኃያላኑ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ሩሲያ ተስማምተው ከባቫሪያ ንጉሥ አመጡላት። ኦቶ ይባላል፤ 17 ዓመቱ ነበር። በ1833 እዚሁ ናፍፕሊዮ ወደብ የደረሰው ማዳጋስካር በምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተጭኖ ነው። በ1862 ሕዝቡ ሲያባርረውም በሌላ የእንግሊዝ መርከብ ወጣ።